በደቡብ ዋልታ ባሕር የሚኖሩትን ፍጥረታት ከመርከብ ሰገነት ላይ ሆኖ ስለ መመልከት



በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን እንግዳን ስለ መቀበል ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ምንጣፉ እንዴት እንደሚነጠፍ፥ የእጅ ውሃ እንዴት እንደሚቀርብ፥ ባለቤቱ ከእንግዳው ቀድሞ ከማዕድ እንዳይነሣ፥ ይህን ሁሉ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ዛሬ ግን ነገሩን ገልብጠን፥ እንግዳው ራሱ በሄደበት ቤት እንዴት ሆኖ መገኘት እንደሚገባው ጥቂት ልንናገር ወደድን። የመረጥነውም ቤት የሰው ቤት አይደለም። በምድር ደቡባዊ ጫፍ ያለው አንታርክቲካ የተባለው የበረዶ አገርና ዙሪያውን የከበበው ባሕር ነው። በዚያ አገር ለምርምር ከሚመላለሱት ሊቃውንት በቀር ተወልዶ ያደገ ሕዝብ የለም፤ ገዥም ሆነ ገበሬ የለውም። የቤቱ ባለቤቶች አዕዋፍ፥ አቆስጣዎችና ዓሣ ነባሪዎች ናቸው። አቆስጣ የምንለው እግሮቹ እንደ ዓሣ ክንፍ የሆኑለትን፥ ጠጉር የለበሰውንና ልጁን የሚያጠባውን የባሕር አውሬ ነው።

ወደዚያ አገር በመርከብ የሚሄዱ ጎብኚዎች ቍጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ በዝቷል። ስዊድናዊው ተወላጅ ሚስተር ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1966 ዓመት ጎብኚዎችን ይዘው በሄዱ ጊዜ ተሳፋሪዎቹ እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ከ2023 እስከ 2024 በነበረው የበጋ ወራት ግን የሄደው ሰው ከ100,000 በላይ ሆኗል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ይህን ያህል ሰው እስከ ምድር ዳር ድረስ የሚሄደው ምን ሊያመጣ ነው? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ምንም ነው። ከዚያ አገር ላባ ማንሣት፥ ጠጠር እንኳ በኪስ ከትቶ መመለስ የተከለከለ ነው። መንገደኛው ይዞ የሚመለሰው በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን አንበሳና ዝሆን የገደለ ሰው በግዳዩ ይወደስ እንደ ነበር ሁላችንም ስንሰማ ያደግነው ነው፤ ስለዚህ ሳይነኩ አይቶ መመለስ ለአንዳንድ ሰው የሥራ ፈት ተግባር መስሎ ይታየው ይሆናል። እኛ ግን እጅን ሰብስቦ ማየት ራሱ ታላቅ ሥራ መሆኑን የዚያ ባሕር ታሪክ እንደሚያስረዳ ለመግለጽ እንሞክራለን።

መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ካለችው ከኡሽዋያ ከተማ ነው። መርከቡ ከወደቡ ወጥቶ፥ የደቡብ አሜሪካን ምድር ወደ ኋላው ትቶ፥ የድሬክ መተላለፊያ ወደሚባለው ባሕር ይገባል። ስፋቱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለማቋረጥም ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። በዚያ ወገን ምድርን ዙሪያዋን የሚዞረውን ነፋስ የሚያግደው ተራራም ሆነ አህጉር ስለሌለ ማዕበሉ እጅግ ብርቱ ነው። መርከቡ እንደ ሕፃን አልጋ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ብዙ ሰው ታሞ ከክፍሉ ሳይወጣ ይቀራል። ነገር ግን የሚችል ሰው ልብሱን ደራርቦ፥ የሰገነቱን የብረት ድጋፍ ይዞ በመርከቡ በስተኋላ ቢቆም የመጀመሪያውን ባለቤት በዚያ ያገኘዋል።

ይህም አልባትሮስ የሚባለው ታላቅ ወፍ ነው። ከነገዶቹ ትልቁ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች ራስና እግር ገጥመው ቢተኙ የሚሞሉት ርዝመት ነው። የሚያስደንቀው ግን ትልቅነቱ ብቻ አይደለም። ሰዓቱ እየተቆጠረ ክንፉን ሳያርገበግብ መርከቡን ይከተላል። ምሥጢሩም እንዲህ ነው። ነፋሱ በውሃው ፊት ላይ ደካማ ሲሆን ከፍ ባለ መጠን እየበረታ ይሄዳል። ወፉ ወደ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ብርቱውን ነፋስ ካገኘ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶ እየፈጠነ ወደ ማዕበሉ ይወርዳል፤ ባገኘውም ፍጥነት እንደ ገና ይወጣል። በትከሻው ያለው ጅማት የተዘረጋውን ክንፍ ቆልፎ ስለሚይዝለት ብዙ አይደክምም። በመርከቡ ሞተር የሚሄደው ሰው ነዳጁን እያቃጠለ ሲደክም፥ ወፉ በነፋስ ብቻ ይቀድመዋል።

የዚህ ወፍ የቤት አስተዳደር ደግሞ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባ ነው። ባልና ሚስቱ የሚጥሉት አንድ ዕንቁላል ብቻ ነው። 11 ሳምንት ያህል ተራ በተራ ይታቀፉታል፤ አንዱ ሲታቀፍ ሁለተኛው ምግብ ፍለጋ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር በባሕር ላይ ይዞራል። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ለመብረር እስኪችል ድረስ 9 ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ያሳደጉ ወላጆች በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አይወልዱም። ከእነርሱ አንዱ በዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ተይዞ ቢሰጥም፥ የሚሞተው አንድ ወፍ ብቻ አይደለም፤ በጎጆው የሚጠብቀው ልጅም አብሮ ይጠፋል። ከሰገነቱ ላይ የሚያየው ሰው ይህን ሲያውቅ ወፉን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል።

እንዲህ አድርገው ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ሚስተር ሮበርት ኩሽማን መርፊ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ነበሩ። በ1912 ዓመት፥ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳሉ፥ ወይዘሮ ግሬስ የተባሉትን ባለቤታቸውን ባገቡበት በዚያው ዓመት፥ ዴይዚ በምትባል በሸራ በምትሄድ መርከብ ተሳፍረው ደቡብ ጆርጂያ ወደምትባለው ደሴት ሄዱ። ከቤተ መዘክር የተላኩት አዕዋፍን እንዲመረምሩ ሲሆን፥ መርከቢቱ ግን የአደን መርከብ ነበረች። ባለቤታቸውም ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ብለው እንዲሄዱ ያበረታቷቸው ነበር። ሚስተር መርፊ በየዕለቱ ያዩትን ሁሉ ለወይዘሮ ግሬስ እንደሚናገሩ አድርገው ይጽፉ ነበር። ይህም ጽሑፍ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1947 ዓመት በመጽሐፍ ታተመ። እንግዲህ የዚያን ባሕር ፍጥረታት በመጻፍ ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ የተወለደው አንድ ባል ለሚስቱ የሚያየውን ለማካፈል ካለው ምኞት ነው።

ነገር ግን ሚስተር መርፊ ያዩት የሚያስደስተውን ብቻ አልነበረም። የዴይዚ ሰዎች የባሕር ዝሆን የሚባሉትን ታላላቅ አቆስጣዎች በጠረፉ ላይ እየገደሉ ስባቸውን ያቀልጡ ነበር። በዚያችው ደሴት ግሪትቪከን በሚባለው ስፍራ ካርል አንቶን ላርሰን የተባሉ የኖርዌይ መርከበኛ በ1904 ዓመት ያቋቋሙት የዓሣ ነባሪ ማረጃ ነበር። ዓሣ ነባሪ በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ አየር የሚተነፍስ፥ ደሙ የሞቀ፥ አንድ ግልገል ወልዶ የሚያጠባ እንስሳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎባጣ ዓሣ ነባሪ፥ በባዕድ ቋንቋ ሃምፕባክ የሚባለው፥ ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ ይገኝ ነበር። በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች በመድፍ በሚወረወር ጦር እየወጉ ወደ ማረጃው ይጎትቱታል፤ ዘይቱም ለሳሙናና ለማርጋሪን ይሆን ነበር።

ከ1925 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ዓሣ ነባሪውን በስተኋላቸው በተሠራው ዳገት ጎትተው ወደ ሰገነታቸው የሚያወጡና በዚያው በባሕር ላይ የሚያርዱ ታላላቅ መርከቦች መጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛሬ ቤተ ሰብ ቆሞ ዓሣ ነባሪ የሚያይበት የመርከብ ሰገነት በዚያን ጊዜ የመታረጃ ወለል ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት በምድር ደቡባዊ እኩሌታ ባሉት ባሕሮች የተገደሉት ዓሣ ነባሪዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆኑ ሊቃውንት ቈጥረዋል። በምድር ላይ ከኖሩት እንስሳት ሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ በአንታርክቲካ ባሕር ከ200,000 በላይ ይገመት የነበረው፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። የግሪትቪከንም ማረጃ በ1960ዎቹ እኩሌታ ተዘጋ። የተዘጋው ሰው አዝኖ ሳይሆን የሚታረደው ስላለቀ ነበር።

ከዚህም በኋላ መንግሥታት ተመካከሩ። በ1963 ዓመት በደቡቡ ባሕር ጎባጣውን ዓሣ ነባሪ መግደል ተከለከለ። ክልከላውን በስውር የጣሱ መርከቦች ባይጠፉም፥ በ1982 ዓመት ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ጉባኤ ለንግድ የሚደረገው አደን ሁሉ እንዲቆም ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1986 ዓመት ጀምሮ ጸና። የሰው እጅ በተሰበሰበ ጊዜ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በብራዚል ጠረፍ እየወለዱ ለምግብ ወደ ደቡብ ጆርጂያ አካባቢ የሚሄዱት ጎባጣ ዓሣ ነባሪዎች ከአደኑ በፊት 27,000 ያህል እንደ ነበሩ ይገመታል። በ1950ዎቹ 450 ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። በ2019 ዓመት የወጣው ጥናት ግን ወደ 25,000 ገደማ መመለሳቸውን ገለጸ። ሰማያዊው ግን እጅግ ስለ ተመናመነ ዛሬም ቍጥሩ ከቀድሞው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ይህን የምንናገረው የደረሰ ጥፋት ሁሉ ይጠገናል ለማለት አይደለም። አንዳንዱ ይጠገናል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ይፈጃል።

እንግዲህ ማዕበሉ ጸጥ ብሎ መርከቡ ወደ በረዶው ጠረፍ ሲደርስ፥ ከሰገነቱ ላይ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው እንደ ጢስ ወደ ላይ የሚወጣ እንፋሎት ነው። ይህ የዓሣ ነባሪው እስትንፋስ ነው። አየሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ ጀርባውን ካጎበጠ በኋላ ጅራቱን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ጥልቁ ይገባል። የጅራቱ የታች ወገን በነጭና በጥቁር የተሣለ ሲሆን፥ የአንዱ ከሌላው እንደ ሰው የጣት አሻራ የተለየ ነው። ስለዚህ ጎብኚዎች ያነሡት ፎቶግራፍ ለሊቃውንት እየተላከ፥ በአንታርክቲካ የታየው ዓሣ ነባሪ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ በመካከለኛው አሜሪካ ሞቃት ባሕር መታየቱ ታውቋል። ማየት ብቻውን ፍሬ የለውም ለሚል ሰው ይህ አንድ መልስ ነው።

በተንሳፋፊው በረዶ ላይ ደግሞ ፔንግዊን የሚባሉት መብረር የማይችሉ ወፎች ቆመው ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱ ነገድ አዴሊ ይባላል። ዱሞን ዱርቪል የተባሉ የፈረንሳይ የባሕር አዛዥ በ1840 ዓመት ያገኙትን ምድር በባለቤታቸው በአዴል ስም ጠርተውት ነበርና፥ ወፉም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ጎጇቸውን የሚሠሩት ከጠጠር ነው፤ ከጎረቤት ጎጆ ጠጠር መስረቅም ልማዳቸው ነው። ባለቤቱ ዘወር ሲል ሌባው ድንጋዩን በአፉ ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ተመልሶም ሲመጣ የእርሱም ጎጆ ተሰርቆ ያገኘዋል። ልጆች ይህን ሲያዩ ከሣቅ አያርፉም። ነገር ግን ጠጠሩ ለእነርሱ ቀልድ አይደለም፤ በረዶው ሲቀልጥ ዕንቁላሉ በውሃ እንዳይነከር የሚጠብቀው እርሱ ነው። ጠጠር ማንሣት ለምን እንደ ተከለከለ ከዚህ ይታወቃል።

ከፔንግዊኖቹ ሁሉ ትልቁ፥ ንጉሠ ነገሥት የሚል ስም የተሰጠው፥ ከመርከብ ሰገነት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታቀፈው መርከብ በማይደርስበት በክረምት ጨለማ ነውና። እናቲቱ ዕንቁላሉን ከጣለች በኋላ ለአባቱ ሰጥታ ወደ ባሕር ትሄዳለች። አባቱ ዕንቁላሉን በእግሮቹ ላይ አስቀምጦ፥ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ፥ ምግብ ሳይቀምስ 65 ቀን ያህል ይታቀፋል። አባቶቻችን ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ተርተዋል፤ በዚያ አገር ግን ዕንቁላሉ የሚሄደው በአባቱ እግር ነው። አባትነት በትእዛዝ ብቻ የሚፈጸም ለሚመስለን ሁሉ ይህ ወፍ የሚያስተምረን ነገር አለ።

የዚህ ወፍ ቤት ግን የባሕሩ በረዶ ራሱ ነው። በ2022 ዓመት መጨረሻ በቤሊንግስሃውሰን ባሕር በረዶው ጫጩቶቹ ውሃ የማያስገባ ላባ ሳያበቅሉ ስለ ፈረሰ፥ ከሚታወቁት አምስት ሰፈሮች በአራቱ ጫጩቶቹ እንዳለቁ ሊቃውንት ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ አረጋግጠዋል። የምድርን አየር የሚያሞቀው ከሚቃጠለው ነዳጅ የሚወጣው ጢስ ነው፤ ጎብኚውንም ወደዚያ ያደረሰው መርከብ ነዳጅ አቃጣይ ነው። ስለዚህ እንግዳው እጄን ሰብስቤአለሁና ንጹሕ ነኝ ለማለት አይችልም። ይህን ደብቀን የጕዞውን ደስታ ብቻ ብናወራ አንባቢዎቻችንን ማታለል ይሆንብናል።

ቢሆንም ቢያንስ ጥፋቱ እንዲቀንስ የተደነገገ ሥርዓት አለ። በ1959 ዓመት በዋሽንግተን 12 መንግሥታት የተፈራረሙት ውል አንታርክቲካ ለሰላምና ለምርምር እንዲሆን ወሰነ፤ በ1991 ዓመት በማድሪድ የተፈረመው ደግሞ ፍጥረታቱን ለመጠበቅ ነው። ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ሰው ወደ ምድር አያወርድም፤ ተሳፋሪዎቹ ሁሉን ከሰገነት ላይ ብቻ ያያሉ። ከዚያ ያነሰ የያዘውም በአንድ ጊዜ ከ100 የበለጠ ሰው በአንድ ስፍራ አያወርድም። ወደ ፔንግዊን ከ5 ሜትር ይበልጥ መቅረብ አይገባም፤ ወፉ በመንገድ ቢመጣ መንገድ የሚለቀው ሰው ነው። በጥቅምት ወር 2023 ዓመት ብርቱው የወፎች ጉንፋን በደቡብ ጆርጂያ፥ በየካቲት 2024 ደግሞ በአንታርክቲካ ዋናው ምድር ከተገኘ ወዲህ ጥንቃቄው ጠብቋል። ጫማ ከመውረድ በፊትና ከተመለሱ በኋላ ይታጠባል፤ በአዕዋፉም ሰፈር አጠገብ መሬት ላይ መቀመጥ አይፈቀድም።

አንዳንድ መንገደኛ ይህን ያህል ከፍሎ መጥቶ ከሰገነት እንዳይወርድ ቢነገረው ያጉረመርማል። እኛ ግን ሰገነቱን እንደ እልፍኝ ደጅ እንቆጥረዋለን። ወደ ውስጥ ያልተጠራ እንግዳ በደጅ ቆሞ መጠበቁ ነውር አይደለም። ይልቁንም ከሩቅ የታየ እንስሳ እንደ ልማዱ ሲኖር ይታያል፤ የቀረቡት እንስሳ ግን ሰውን ሲፈራ ብቻ ይታያል።

እንዲህ ላለው መንገድ የተዘጋጁ ቤተ ሰቦች ቢኖሩ የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

1ኛ፤ ነፋሱ ሳያስቸኵላችሁ እንድትቆሙ ልብስ ደራርቡ፤ የልጆችንም ጆሮና ጣት በደንብ ሸፍኑ።

2ኛ፤ አስቀድማችሁ በባዶ ዓይን ባሕሩን በሙሉ ተመልከቱ። በመነጽር የሚጀምር ሰው አንዱን ነጥብ ሲያይ ሌላው ያመልጠዋል።

3ኛ፤ ያያችሁትን አትጩኹበት። ለልጅ በጣት ማሳየት በቃል ከመጣራት ይሻላል።

4ኛ፤ ምንም ያልታየበትም ሰዓት እንደ ጠፋ አይቈጠር። እንስሳው ለመታየት ቀጠሮ አልሰጠም።

5ኛ፤ ማታ ልጆች በቀን ያዩትን በደብተር ይጻፉ፤ በቤት ለቀረውም ዘመድ ያንብቡለት። የሚስተር መርፊ መጽሐፍ የተጻፈው እንዲህ ነው።

ከአንባቢዎቻችን አብዛኞቹ ያን ባሕር እንደማያዩት እናውቃለን፤ እኛም ይህን የምንጽፈው ሁሉም ይሂድ ለማለት አይደለም። ልጅን በቤቱ ሰገነት አጠገቡ አስቀምጦ በዛፉ ላይ ጎጆ የምትሠራውን ወፍ ድንጋይ ሳይወረውር እስከ መጨረሻው እንዲመለከት የሚያስተምር አባት፥ ያንኑ ትምህርት ያለ መርከብ አስተምሯል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ አንድ ቀን የደን ወይም የውሃ ሹም ሆኖ በማኅተም በሚፈርምበት ጊዜ፥ የሚፈርምበት ነገር በዓይኑ ፊት ይታየዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ ልጆች የቀን ማስታወሻ እንዲጽፉ እንዴት እንደሚለመዱ እንመለስበታለን።